እባካችሁ ውሻዬን አትጥሩብኝ

በመስከረም የእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ላይ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል። አዳራሹ ሞልቶ፣ ቡናው እየተቆላ፣ ዲጄው ድምፅ እየሞከረ ሳለ ነበር እኔና ዊሎ የገባነው። ዊሎ የሁለት ዓመት ጥቁር ላብራዶር ናት፤ መሪ ውሻዬ። ከማሠልጠኛው ይዣት ከመጣሁ ገና አምስተኛ ሳምንታችን ነበር። በዚያ ምሽት አንዱ በፉጨት ጠራት። ሌላዋ ጭንቅላቷን ደባበሰቻት። ሌላው ደግሞ፣ ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም፣ ከሳህኑ ላይ ጥብስ አንሥቶ አጎረሳት። ጉርሻ ነው፤ በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ክፍል ስንሄድ ዊሎ ከካፍቴሪያው ውጪ የወደቀ ምግብ ሸቷት ከመስመሯ ወጣች። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ወደ ግራ ስትጎትተኝ አንድ እግሬ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ወርዶ አስፋልቱ ላይ አረፈ። ብስክሌት ይሁን ስኩተር ያለየሁት ነገር ክንዴን ታክኮኝ አለፈ። አልወደቅኩም፤ አልተጎዳሁም። ግን ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ማሰሪያዋን በያዝኩ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእኔ ፍርሃት ደግሞ በማሰሪያው በኩል ቀጥታ ወደ እሷ ይሄዳል። እኔ ስጠራጠር እሷም ትጠራጠራለች። ለአምስት ሳምንት የሠራነው ሥራ በአንድ ጉርሻ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ይህን የምጽፈው ያጎረሳትን ሰው ለመውቀስ አይደለም። መናገር የነበረብኝን ባለመናገሬ የእኔም ጥፋት አለበት። ሐሳቤ አንድ ነው፦ አዲስ አገልግሎት ሰጪ ውሻን የሚያሠለጥናት ማሠልጠኛው ብቻ አይደለም፤ ባለቤቷም ብቻዋን አይደለችም። በዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ ሳያውቀው አሠልጣኝ ነው። ወይ ያስተምራታል ወይ ያስረሳታል። ስለዚህ ማኅበራችን በዚህ ጉዳይ አንድ አቋም ቢይዝ እላለሁ።

በመጀመሪያ መሪ ውሻ ምን እንደምትሠራ እንግባባ። ብዙ ሰው መንገዱን ሁሉ የምታውቅ፣ የትራፊክ መብራት የምታነብ ይመስለዋል። “ላይብረሪ ውሰጂኝ ትያታለሽ?” ብለው የጠየቁኝ አሉ። አይደለም። ወዴት እንደምንሄድ የማውቀው እኔ ነኝ። ስንት መንገድ እንዳቋረጥን የምቆጥረው፣ የመኪናውን ድምፅ ሰምቼ የምንሻገርበትን ጊዜ የምወስነው እኔ ነኝ። የእሷ ሥራ በቀጥታ መስመር መሄድ፣ ከፊታችን ያለውን ወንበር፣ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍና ቆሞ ስልኩን የሚያይ ሰው እየዞረች ማሳለፍ፣ ደረጃና የመንገድ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ቆማ ማሳወቅ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ሥራዋ ግን እምቢ ማለት ነው። “ፎርዋርድ” ብዬ ሳዛት መኪና እየመጣ ከሆነ ትእዛዜን መጣስ አለባት። በአማርኛ ብልህ እምቢታ ልንለው እንችላለን። ታዛዥነትን ለወራት የተማረ እንስሳ መቼ አለመታዘዝ እንዳለበት እንዲያውቅ ማድረግ ቀላል አይደለም። እኔም ያንን እምቢታ ተቀብዬ መቆም መማር ነበረብኝ። ይህ የሚሆነው ሁለታችን ስንተማመን ብቻ ነው።

ይህ ሙያ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1916 በጀርመን ኦልደንቡርግ ከተማ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ውሾች ማሠልጠን ተጀመረ። በ1928 ሞሪስ ፍራንክ የተባለ የናሽቪል ወጣት ከስዊዘርላንድ በዲ የተባለችውን ጀርመን ሼፐርድ ይዞ ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ ኒው ዮርክ ላይ ጋዜጠኞች ፊት ከእሷ ጋር መንገድ ተሻግሮ አሳየ። በዓመቱ በ1929 “ሲይንግ አይ” የተባለው የአገሪቱ የመጀመሪያ ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ሞሪስ ፍራንክ ከመንገዱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የታገለው ከበር ጠባቂዎች ጋር ነበር፤ ባቡር ላይ፣ ሆቴል ውስጥ፣ ምግብ ቤት ደጃፍ። ወደ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የእኔም ትግል ገና እዚያው በር ላይ ነው።

ስለ ቁርኝት ልንገራችሁ። ዊሎ ከተወለደች በሁለት ወሯ ገደማ አንድ በጎ ፈቃደኛ ቤተሰብ ወስዶ ከአንድ ዓመት በላይ አሳደጋት። አውቶቡስ አስለመዷት፤ ሱቅና ሰው የበዛበት ቦታ ወሰዷት። ከዚያ ወደ ማሠልጠኛው ተመልሳ ከአንዲት አሠልጣኝ ጋር ለወራት ሠራች። እኔ ጋ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ከምትወደው ሰው ተለይታ ነበር ማለት ነው። እኛ ስደተኞቹ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ከአክስት ቤት ወደ አጎት ቤት፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላን የተሸጋገርን ስንት ነን?

ማሠልጠኛው ዝም ብሎ ውሻ አያድልም። አስቀድሞ የአካሄዴን ፍጥነትና የእጄን ጉልበት ለካ፤ ዶርም እንደምኖር፣ በቀን ምን ያህል እንደምሄድ ጠየቀ። አሠልጣኟ ራሷ ማሰሪያውን ይዛ እንደ ውሻ እየመራችኝ በመንገድ አብረን ሄድን። ይህን ልምምድ “ጁኖ” ይሉታል። ሰው “ጉድ ገርል” ብሎ ማመስገን ያሳፍራል፤ ግን ማመስገን ግዴታ ነበር።

ዊሎን ስረከብ ፊልም ላይ እንደሚታየው ሮጣ መጥታ የምታቅፈኝ መስሎኝ ነበር። አሸተተችኝና ሄደች። የመጀመሪያውን ሌሊት በሩ ሥር ተኝታ አለቀሰች። ለአሠልጣኟ ነው ያለቀሰችው። በኮሪደር ድምፅዋን በሰማች ቁጥር ጆሮዋ ይቆም ነበር፤ በእጄ ዳስሼ አውቀዋለሁ። አሠልጣኟም ሆን ብላ መጥራቷን፣ መንካቷን፣ በኋላም ማናገሯን እየተወች ሄደች። ያሳደገቻትን ውሻ እንዳላየች ሆኖ ማለፍ ምን ያህል እንደሚከብዳት ስጠይቃት “እኔን ካልተወች አንቺን አትይዝም” አለችኝ። ይህ ቃል የጽሑፌ ሁሉ መሠረት ነው።

በእነዚያ ሳምንታት ሕጉ ቀላል ነበር። ምግቧን የምትበላው ከእኔ ብቻ። ለሽንት የምትወጣው ከእኔ ጋር ብቻ። ፀጉሯን የማበጥረው፣ የምጫወታት፣ የማመሰግናት እኔ ብቻ። ማሰሪያዋ ከእጄ ወይም ከወገቤ አይለይም፤ መታጠቢያ ቤት ስገባ እንኳ አብራኝ ትገባለች። “ውሻ በበላበት ይጮሃል” የሚለውን ተረት ሁላችንም የምናውቀው እንደ ነቀፌታ ነው። እዚያ ግን የሥራው መሠረት ሆኖ አገኘሁት። ደኅንነት፣ ምግብና ጨዋታ የሚመጣው ከዚች ልጅ ነው ብላ ስታምን ዓለም ሁሉ እየጮኸም ቢሆን እኔን ትሰማለች።

ቀላል አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጬ ልመልሳት ብዬ ነበር። በኬን ስሄድ መንገዱን እኔው በእጄ እነካዋለሁ፤ የነካሁትን አምናለሁ። ከውሻ ጋር ግን የማልነካውን ማመን አለብኝ። ችግሬን ያገኘችው አሠልጣኟ ናት። በእንግሊዝኛ “ጉድ ገርል” ስላት ድምፄ ደረቅ ነበር፤ መንገድ ላይ ጮክ ብዬ ማመስገን አሳፍሮኛል። “በቤትሽ ቋንቋ ሞክሪ” አለችኝ። “ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ቆንጆ!” ስላት ጅራቷ እግሬን ሲመታኝ ተሰማኝ። ትእዛዙ እስካሁን በእንግሊዝኛ ነው፤ ምስጋናው ግን በአማርኛ ሆኖ ቀረ። ውሻዋ አማርኛ ስለገባት ሳይሆን ድምፄ እውነት ስለሆነ ነው።

ማሠልጠኛዎች ሁለቱ በትክክል አንድ ቡድን እስኪሆኑ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል ይላሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እኛ ገና አራተኛ ወራችን ላይ ነን። ለዚህ ነው ሰው ሲጠራት የምደነግጠው። እናንተ ለሁለት ሰከንድ “ቡቺ ነይ!” ስትሏት፣ እሷ ለሁለት ሰከንድ እኔን ትታለች። ደረጃ ላይ ሁለት ሰከንድ ብዙ ነው።

ምግቡ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፤ የደም ሴሎቿን ይጎዳሉ። የዶሮ አጥንት ተሰብሮ ጉሮሮዋን ወይም አንጀቷን ሊወጋ ይችላል። ስለዚህ የዶሮ ወጥ ጉርሻ ከባድ ነገር ነው። ቄጠማ ላይ የተበተነው ፈንዲሻ እንኳ ለላብራዶር የፍጻሜ ፈተና ነው፤ እሱን አልፋ እንድትሄድ ማስተማር እየሞከርኩ ነው። እናንተ ካልጨመራችሁበት እናልፈዋለን።

ወደ ከበደው ጉዳይ ልምጣ። በአንድ ሌላ ዝግጅት በር ላይ የነበረ ወንድማችን “ውሻዋን ውጪ እሰሪያት” አለኝ። አንድ የእኛ ምግብ ቤት ደግሞ “ደንበኞች ይጸየፋሉ” ብሎ መልሶኛል። ሕጉን እናውቀው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው፣ ኤዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አገልግሎት ሰጪ ውሻ ሕዝብ በሚገባበት ቦታ ሁሉ ከባለቤቷ ጋር እንድትገባ ይፈቅዳል፤ ምግብ ቤትም ጭምር። አካል ጉዳቱና የውሻዋ ሥራ በግልጽ ካልታየ በር ላይ ያለ ሰው ሁለት ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ይችላል፦ ውሻዋ በአካል ጉዳት ምክንያት የምታስፈልግ ናት ወይ፣ ምን ሥራ ለመሥራት ሠልጥናለች? የምስክር ወረቀት መጠየቅ፣ ስለ ሕመም መመርመር፣ “እስቲ ስትሠራ አሳዪን” ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል ውሻዋ ካስቸገረችና ባለቤቷ ካልተቆጣጠረቻት፣ ወይም ቤት ውስጥ ከተጸዳዳች፣ ውጡ ማለት ይቻላል። ይህ ፍትሐዊ ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ።

ግን በሕግ ብቻ ልከራከር አልፈልግም። የእኛ ሰው ውሻን የሚፈራው ወይም የሚርቀው በምክንያት ነው። አገር ቤት ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት ለጥበቃ የሚለቀቅ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል። ከታላላቆቻችን መካከል በውሻ ተነክሰው ሆዳቸው ላይ ተከታታይ መርፌ የተወጉ አሉ። እንዲህ ያለውን ፍርሃት ኋላ ቀርነት ማለት ስድብ ነው። የምትፈሩ ካላችሁ በሹክሹክታ አትሽሹ፤ ንገሩኝ። በሌላው የአዳራሽ ጫፍ እቀመጣለሁ። ዊሎ ከጠረጴዛ ሥር ተኝታ ሦስት ሰዓት መቆየት ትችላለች። ሁለታችንም የምንሆንበት ቦታ አለ፤ አንዳችን መቅረት የለብንም።

የሃይማኖትም ጥያቄ አለ። ኤዲኤ ቤተ እምነቶችን አያስገድድም፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ላይ ሕግ ልጠቅስ አልችልም፤ ልጠቅስም አልፈልግም። ዊሎን ቤተ መቅደስ ላስገባ ብዬ አላውቅም። አባ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አስረዳሁ። አሁን እሑድ እሑድ ዊሎ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ትቆያለች፤ አንዲት እኅት ትጠብቃታለች፤ እኔ በኬኔና በሌላ እኅት ክንድ አስቀድሳለሁ። ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶቻችን ዘንድም መፍትሔ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ ሌስተር ከተማ ለአንድ ዓይነ ስውር ወጣት መሪ ውሻው መስጊዱ ግቢ ድረስ እንዲመራውና እሱ ሲሰግድ በተዘጋጀላት ስፍራ እንድትቆይ የሃይማኖት ሊቃውንት ፈቅደዋል። ሁለቱም ቦታዎች ላይ ሥርዓቱ አልፈረሰም፤ ሰውም ደጅ አልቀረም። አዳራሽና ሬስቶራንት ውስጥ ግን ሥርዓት የሚፈርስበት ነገር የለም። እዚያ “ውጪ እሰሪያት” ማለት “አንቺም ውጪ ቆዪ” ማለት ነው።

አንድ ቅሬታ ደግሞ በራሳችን በተማሪዎች ላይ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ዶላር ቀይ ጃኬት ገዝቶ የቤት ውሻውን “አገልግሎት ሰጪ ናት” እያለ ዶርምና ካፌ የሚያስገባ አለ። ብቸኝነትና ጭንቀት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚያ የሚያጽናና እንስሳ ከፈለጋችሁ ስለ መኖሪያ ቤት የወጣው ሕግ መንገድ አለው፤ የአካል ጉዳተኞች ቢሮ ሄዳችሁ በወረቀት ጠይቁ። ያልሠለጠነ ውሻ ግን ካፌ ውስጥ ሲጮህና ሰው ላይ ሲዘል በሚቀጥለው ቀን በሩ ላይ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር እንዲህ ያለ ውሻ ዊሎ ላይ ዘሎባት ለቀናት ሌላ ውሻ ባየች ቁጥር ቆማ ቀርታለች። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ እዚህ ደግሞ ውሻ በቀደደው ዊሎ ተከለከለች።

እንግዲህ ማኅበራችንን የምጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ዝግጅት ግብዣ ላይ “አገልግሎት ሰጪ ውሾች ይገባሉ፤ የምትፈሩ ወይም አለርጂ ያለባችሁ አስቀድማችሁ ንገሩን” የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ካምፓስ ውስጥ የምናዘጋጀው ዝግጅት በኮሌጁ ግዴታ ሥር ስለሆነ ይህ ውለታ አይደለም፤ ግን ተጽፎ ሲገኝ በር ላይ ክርክር አይኖርም። ሁለተኛ፣ በር ላይ የሚቆሙ አስተናጋጆች ሁለቱን ጥያቄዎች ይወቁ። ሦስተኛ፣ አባላት ውሻዋን አትጥሩ፣ አትንኩ፣ አታጉርሱ፤ ዓይን ለዓይን እንኳ አትያዩ። ሰላምታችሁ ለእኔ ይሁን። ብዙ ጊዜ ሰው “ሰላም ዊሎ!” ብሎ እኔን ሳያናግረኝ ያልፋል፤ እሱ ከሁሉ ይበልጥ ይከፋኛል። አራተኛ፣ መንገድ ላይ ልትረዱኝ ስትፈልጉ ማሰሪያውን አትያዙ፤ ስማችሁን ነግራችሁ “እርዳታ ትፈልጊያለሽ?” ብላችሁ ጠይቁኝ። አይ ካልኩ አልተቀየምኩም።

ይህ ለእኔ ብቻ አይደለም። ለስኳር ሕመም፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለመስማት ችግር የሠለጠኑ ውሾች አሉ። ከመካከላችን ሕመሙን ደብቆ የሚኖር ስንት ተማሪ እንዳለ እንገምት። ውሻ ይዞ እኛ መካከል መምጣት ውርደት ከመሰለው ከውሻው ሳይሆን ከእኛ ይሸሻል።

እማዬ መጀመሪያ “ጸሎት የማደርስበት ቤት ነው፤ ውሻ አይገባም” ብላ ነበር። ተነጋገርን። ሳሎን ይፈቀዳል፣ ሥዕለ አድኅኖው ያለበት ክፍል አይፈቀድም ተባባልን። ኅዳር ውስጥ ከእሷ ጋር ገበያ ስንሄድ ጎዳና ላይ “ፎርዋርድ” አልኩ፤ ምንም ድምፅ አልሰማሁም ነበር። ዊሎ አልተንቀሳቀሰችም። ደግሜ ልል ስል ነፋስ ፊቴን መታኝ፤ ድምፅ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። እማዬ ከኋላዬ “ወይኔ ልጄን!” ብላ ጮኸች። ከዚያ ዝም አለች። ማታ ቤት ስንገባ “ልጅቷ በላች ወይ?” ብላ ጠየቀችኝ። ልጅቷ ያለችው ዊሎን ነው።

አሁን ችግሬ እማዬ ሳላያት ዳቦ እንዳታጎርሳት መከልከል ሆኗል። ለእሷም የነገርኳት ለእናንተ የምነግራችሁን ነው፦ ዊሎን ከወደዳችኋት ተዋት። ለገና ዝግጅት እንመጣለን፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ እንቀመጣለን። ኑና ሰላም በሉኝ።